ለዝንብ የሰቀልነው ጨርቅ

ሊይዙኝ ሲመጡ ቀኝ እጄ እስከ ብብቴ ድረስ ላም ውስጥ ነበር። አሶሳ ባለው የማኅበረሰብ የእንስሳት ክሊኒካችን ግቢ ውስጥ እርግዝና እየመረመርኩ ነው። ላሟ በእንጨት በተሠራው ማቆሚያ ውስጥ ቆማለች። ባለቤቷ ጎህ ሳይቀድ ከመንደሯ ተነሥታ፣ ላሟን እየነዳች በእግሯ የመጣች ሴት ናት፤ ቀንዷን ይዛ ታባብላታለች።

ሁለት ሰዎች ወደ ግቢው ገቡ። አንደኛው የደንብ ልብስ ለብሷል። ሌላው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ "አንተ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"እጅህን አውጣና ተከተለን።"

"ትንሽ ታገሡኝ፣ ልጨርስ።"

"አውጣ አልኩህ!"

አወጣሁ። ሴትየዋ ሰዎቹን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ። ምን አድርጎ ነው ብላ አልጠየቀችም። ከሩቅ መጥታለች፣ የመጣችበትን ጉዳይ ሳታውቅ መመለስ አልፈለገችም። "ዶክተር፣ ታዲያ አርግዛለች?" አለችኝ።

"አርግዛለች። ወንዝ ዳር አታሰማሪያት" አልኳት።

የውሃው ባልዲ እግሬ ሥር ነበር፤ እንድታጠብ ግን አልፈቀዱልኝም። ረጅሙ የላስቲክ ጓንት ከገበያ የጠፋበት ወር ስለነበር የተቀደደ ነበር ያጠለቅኩት፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ እበት ነው። እንደዚያው ሆኜ መኪናቸው ላይ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ ከፍ ብላ አንዲት ብረት የለበሰች መስኮት አለች። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የአሶሳን ፀሐይ ለማያውቅ ሰው ቆርቆሮ ሥር መዋል ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ጥግ ላይ ሽንት የሚሸናበት ባልዲ ተቀምጧል። ዝንቡ ባልዲውን ትቶ ወደ እኔ ክንድ መጣ።

"ምን አድርገህ ነው የመጣኸው ወንድሜ? ሰው ገድለህ በረት ውስጥ ቀብረህ ነው?" አለኝ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ልጅ እግር።

የባጃጅ ሹፌር ነው። የማያውቀውን ተሳፋሪ ከገበያ ጭኖ ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ሲወስድ፣ ተሳፋሪው ሲፈለግ የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘና ሁለቱንም ያዟቸው። ተሳፋሪውን ወዲያው ሌላ ቦታ ወሰዱት፣ እሱ እዚያው ቀረ። የእኔን ጉዳይ ስነግረው በሣቅ ፈረሰ። "እኔ በሰው ገባሁ፣ አንተ በዝንብ!" አለ። ከዚያ የሚጠጣውን ግማሽ ሀይላንድ ውሃ አንሥቶ ክንዴ ላይ አፈሰሰልኝ። ሌላ ውሃ እስከ ማታ አልመጣም፤ ይህን እያወቀ ነው ያፈሰሰው።

ጉዳዬ ይህ ነበር። በእኛ ቆላ፣ በዳቡስ ወንዝና በገባሮቹ ዳር፣ ከብት የሚነክስ ዝንብ አለ። የነከሰውን ከብት ገንዲ የሚባል በሽታ ይይዘዋል። ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ እየበላ ይከሳል፣ ላም ከሆነች ታስወርዳለች፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት መነሣት ያቅተዋል። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው እዚህ ሲሰፍሩ በሬያቸውን የጨረሰው ይኸው ዝንብ ነው። አባቴ በሬ አልቆበት መሬቱን በዶማ ሲቆፍር እያየሁ ነው ያደግኩት። የእንስሳት ሐኪም የሆንኩት በዚያ ንዴት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መርፌ ብቻውን አያድንም፤ ዝንቡን ራሱን መቀነስ ያስፈልጋል። ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ጎን ለጎን ይሰፋል፣ ዝንብ በሚገድል ኬሚካል ይነከራል፣ ከብት ውሃ በሚጠጣበት ጥላ ሥር በሁለት እንጨት መሐል ይወጠራል። ዝንቡ ሰማያዊውን ከሩቅ አይቶ ይመጣል፣ ጥቁሩ ላይ ያርፋል፣ ይሞታል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጨርቆቹን የሰቀልኩት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ነው። ከአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የበርታ ሰው ናቸው፤ ወንዙ ዳር ተወልደው፣ ወንዙ ዳር ከብት እያረቡ ያረጁ። "ዶክተር" እያሉ ይጠሩኛል፣ እንደ ልጃቸው ግን ይቆጡኛል። መዶሻውን ስይዝ አያያዜ አያስደስታቸውም፣ ቀምተውኝ ራሳቸው ይመታሉ።

አንድ ሰው ከማዶ ሆኖ አየንና ለጸጥታ ሰዎች "ሁለት ሰዎች ወንዝ ዳር ምልክት ይሰቅላሉ" ብሎ ነገራቸው። ጊዜው ክፉ ነበር። ጫካ ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ነበሩ፣ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይሞታል። ጨርቁን አይቶ የፈራውን ሰው አልፈርድበትም። የምፈርደው ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው።

በተያዝኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ቢሮው አስጠራኝ። መርማሪው እሱ ነው። ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ከጨርቆቼ አንዱ ተጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

"ይህ ምንድን ነው ዶክተር?"

"የዝንብ ጨርቅ።"

"ሰማያዊው ምን ማለት ነው?"

"ምንም ማለት አይደለም። ዝንቡን ይጠራል።"

"ጥቁሩስ?"

"ያርፍበታል።"

"ማን ነው የሚያርፍበት?"

"ዝንቡ።"

ወደ ኋላ ተደግፎ አየኝ። የማሾፍበት መስሎታል። ስለ ገንዲ ነገርኩት፣ ስለ ኬሚካሉ ነገርኩት። "ካላመንከኝ መስኮትህ ላይ ስቀለውና እይ። ከነካኸው ግን እጅህን ታጠብ" አልኩት። እጁን ከጨርቁ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። እኔ እበቱ ጥፍሬ ሥር እንደደረቀ እፊቱ ተቀምጬአለሁ።

"ከአንተ ጋር የነበረው ሰው ማን ነው?"

"ብቻዬን ነበርኩ።"

"ሁለት ሰው ታይቷል።"

"ብቻዬን ነበርኩ" አልኩት ደግሜ።

ዋሸሁ፤ የዋሸሁበትም ምክንያት አለኝ። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ የከተማ ሰው ነኝ፣ ሚስቴ አስተማሪ ናት። ብጠፋ የት ገባ የሚል አይጠፋም። ከወንዝ ዳር የተያዘ አማርኛው የሚሰባበር ሽማግሌ ግን ሌላ ነገር ነው። አለመሳሳቴንም በኋላ አየሁ፤ ከገጠር የመጡ ሰዎች እዚያ ክፍል አንድ ሌሊት አድረው ይወሰዱ ነበር። ወዴት እንደሄዱ ለሚጠይቅ ዘመድ በሩ ላይ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። የሽማግሌው ስም ከአፌ ከወጣ ያ ነው የሚጠብቃቸው።

ክፍላችን ስመለስ የባጃጁ ልጅ የሆነውን ጠየቀኝና ነገርኩት። "ጥሩ አደረግህ ዶክ። ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" አለ። ፊቱ ላይ ያረፈችውን እያባረረ ነበር።

ከዚያ ለብዙ ቀን ማንም አልጠራኝም። ሲጠሩኝና ወደ ቢሮው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። ጨርቄ ተሰቅሏል! ከላይ በሁለት ሚስማር ተወጥሮ፣ እንደ መጋረጃ ተንዠርግጎ። ከሥሩ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ የሞቱ ዝንቦች ተረፍርፈዋል። ወለሉ ላይ የረገፉት ዝንቦች ተጠርገው ጥግ ላይ ተከምረዋል። መርማሪው ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል፣ ብርጭቆው ጫፍ ላይ አንዲት ዝንብ የለችም። እኛ ክፍል እንጀራ ወደ አፋችን የምናደርሰው በሌላው እጃችን ዝንብ እየተከላከልን ነበር።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ነገሩ አለቀ፣ በዓይኑ አየ፣ ዛሬ ቤቴ እገባለሁ አልኩ በልቤ።

"ምልክቱን ማን አዘዘህ?" አለኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። "ምልክት? ሠራ አይደለም እንዴ?"

"ምኑ?"

በጣቴ መስኮቱን አሳየሁት። ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሻዩን ፉት አለና "እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" አለ።

ከዚያ በፊትም በኋላም ተሰድቤአለሁ፣ ተገፍትሬአለሁ። ያን ያህል ያናደደኝ ግን የለም። ቢጠራጠረኝ ይገባኛል፤ ሰው አገሩ ሲታመስ ጥላውንም ይጠራጠራል። ይህ ሰው ግን አልተጠራጠረኝም። እውነቱን ያውቃል። ጨርቄን ለጥቅሙ ሰቅሎ፣ ከዝንብ ተገላግሎ፣ ሻዩን በሰላም እየጠጣ፣ ያ ጨርቅ ዝንብ እንደማይገድል እንዳምንለት ይፈልጋል። ሰው ባለማወቁ ቢበድል ይማር ይሆናል። ዐውቆ የሚበድለውን ምን ታስተምረዋለህ?

እሱ ግን ድምፁን የበለጠ አለዘበ። "አንተን እኮ እናውቅሃለን፤ የሰፋሪ ልጅ ነህ፣ ተምረሃል፣ ሥራ አለህ። ስለ አንድ ከብት ጠባቂ ብለህ ለምን ትበሰብሳለህ? 'እሱ ነው ስቀል ያለኝ፣ እኔ አላወቅኩም' በል። ስሙን ንገረኝና ዛሬውኑ ሂድ። ሚስትህ በር ላይ ናት።"

"ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሰቀልኩትም እኔ ነኝ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ጥላዬ ይሆናል" አልኩት።

ተነሥቶ በጥፊ መታኝ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ሻዩን ጨረሰ።

ሚስቴ በር ላይ ናት ያለው እውነቱን ነበር። ወደ ክፍሌ ከመመለሴ በፊት በሽቦው አጥር በኩል እንዳገኛት ፈቀዱልኝ። አንድ ዘብ በመካከላችን ቆሞ ያመጣችልኝን የምግብ ሳህን ከፍቶ በማንኪያ ያማስላል። ጉንጬን አየች። ስለ ልጆቹ ነገረችኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ "ሽማግሌው ቤት መጥተው ነበር። ጨርቁን ሚሊሻዎቹ ሁሉንም ነቅለውታል፣ ከብቱ መውደቅ ጀምሯል። ነገ ሊጠይቁህ ይመጣሉ። 'እኔ ራሴ ገብቼ አስረዳቸዋለሁ' ብለዋል" አለችኝ።

ሰውዬውን አውቃቸዋለሁ። በእሳቸው አገር ወግ፣ ሰው ያለ ጥፋቱ ከተከሰሰ ነገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ከሳሹ ደጅ ሄዶ ይቀመጣል፣ ያየውን ይናገራል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ንጹሑን ጃለቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይጠራቸው እዚያ ቢሮ ይገባሉ። "ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ" ይላሉ፣ በኩራት። እኔ በጥፊ ያልሰጠሁትን ስም እሳቸው በእግራቸው ያመጡለታል።

ዘቡ አጠገባችን ነው። አትምጡ በያቸው ማለት አልችልም፤ ለምን ይላል።

"ምን ዓይነት ሰው ናቸው! ከብት እየወደቀባቸው ሰው ጥየቃ?" አልኩ ጮክ ብዬ። "ዛሬውኑ ከብቶቹን ከወንዙ ያርቁ። ወደ ላይ፣ ወደ ዘመዶቻቸው መንደር ይንዱ። ነገ አይባልም፤ ሌላ ሰው አይልኩ፣ ራሳቸው ይንዱ። ዝናቡ እስኪያበቃ እንዳይመለሱ። የሐኪም ትእዛዝ ነው በያቸው። ካልሰሙኝ ከእንግዲህ ከብታቸውን አላክምም።"

ሚስቴ ዓይኔን አየችው። "እነግራቸዋለሁ" አለች፣ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ።

ዘቡ ሳቀ። "እስር ቤት ሆነህም ስለ ከብት? የኔም ፍየል እኮ ሰሞኑን ታስላለች" አለኝ። ምን እየበላች እንደሆነ ጠየቅኩትና መከርኩት። ሳህኑን ዘጋና አቀበለኝ።

ሽማግሌው በማግስቱ አልመጡም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር እደነግጥ ነበር። የባጃጁ ልጅ የታመምኩ መስሎት ግንባሬን ዳሰሰኝ።

የለቀቁኝ እንደያዙኝ ነው፣ በድንገት። ፍርድ ቤት አልቀረብኩም፣ ክስም አልተነበበልኝም። አንድ ጠዋት ዘቡ በሩን ከፍቶ "ዶክተር፣ ውጣ፣ ወደ ቤትህ" አለኝ። የባጃጁን ልጅ አቅፌ ተሰናበትኩት፤ እሱ ከእኔ በኋላም ብዙ ቆይቷል። ወደ ውጪው በር ስሄድ መርማሪው ከቢሮው ጠራኝ። ይቅርታ ሊለኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ የዋህ ነኝ።

"ስማ ዶክተር፣ ይህ ጨርቅ ሥራ አቁሟል። ዝንቡ ያርፍበታል፣ አይሞትም። ምን ውስጥ ነው የምትነክሩት? ከየት ይገኛል?" አለኝ።

ፀሐይ ሲመታው ኬሚካሉ ያልቃል፤ እንደገና መነከር አለበት። የኬሚካሉ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ሙያዬ ነው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ስናገረው ኖሬአለሁ።

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" አልኩት።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጨርቁን ከሚስማሮቹ ላይ በእጄ አወረድኩት፣ የሞቱትን ዝንቦች አራገፍኩ፣ አጣጠፍኩት። 

"እሱ እኮ ማስረጃ ነው" አለኝ ከኋላዬ።

"የምን ማስረጃ?" አልኩት።

ጨርቄን በብብቴ ይዤ በውጪው በር ወጣሁ፣ ያስቆመኝም አልነበረም።

ወንዙ ዳር ስደርስ ያየሁትን ዘርዝሬ አልጨርሰውም። በሬው አልቆ ያረሰ ሰው ትንሽ ነው። እንደ አባቴ ዶማ ይዘው የወጡ ወንዶች አየሁ። በእኔ ላይ የደረሰው ጥፊና ጥቂት የማይባል የእስር ጊዜ ነው፣ ያልፋል። እነዚያ በሬዎች ግን የሞቱት አንድ ሰውዬ ያየውን እንዳላየ ስለሆነ ነው፣ ይህን የጠየቀውም የለም። ወዳጆቼ ሊያጽናኑኝ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይሉኛል። እያደር ሲጠራ ከብቱ አልቋል እላቸዋለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት ትዝ ይለኝና መርፌውን አስቀምጬ ወደ ውጪ እወጣለሁ።

ጨርቁን ግን ዛሬም እንሰቅላለን። አሁን ለእያንዳንዱ ዛፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ ለቀበሌው እነግራለሁ፣ ለሚሊሻው አሳያለሁ። አብረውኝ የሚሰቅሉት ያው ሽማግሌ ናቸው። መዶሻውን አሁንም ይቀሙኛል። ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ሥራውን ስንጀምር፣ ያን ነገር አንሥተው ይወቅሱኛል።

"ዶክተር፣ ያኔ አንተ 'ከብት አውጣ' አለ፣ እኔ ሰማ። ላም ሁለት መንገድ ላይ ሞተ። ወላሂ፣ እኔ ያን ቀን ፖሊስ ጋ ቢገባ፣ 'ይሄ ለዝንብ ነው፣ እኔ አብሮ ሰቀለ' ቢል፣ አንተ ያን ቀን ቤት ይገባ ነበር። እኔ ጃለቢያ ራሱ አጥቦ ነበር! አንተ ግን ከብት፣ ከብት፣ ከብት!"

"እውነትዎን ነው አባቴ" እላቸዋለሁ።

"ሐኪም ነህ፣ ግን ሰው ነገር አታውቅም" ይሉኛል፣ ሚስማሩን እየመቱ።

ሚስቴ ንገራቸው ትለኛለች። ላሞቻቸው የሞቱት ለምን እንደሆነ ይወቁ፣ ለዘመናት አትወቀስ ትለኛለች። አንድ ሁለቴ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አየዋለሁ። እሳቸው የሚኖሩት አንድ ሽማግሌ ጃለቢያውን አጥቦ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ፣ ያየውን ተናግሮ፣ የታሰረ ወዳጁን በእጁ ይዞ በሚወጣበት አገር ውስጥ ነው። እኔ ከዚያ አገር ተባርሬአለሁ። እሳቸውን ግን በገዛ አፌ ከዚያ አላስወጣቸውም።